የሰኞ ፊርማ

ሐሙስ የካቲት አሥራ ሦስት ረፋድ ላይ ኢብሮ የሽንኩርት ማሳውን ሊያይ ሄደ። እግሩ ከዚያ ከራቀ ሃያ ስድስት ቀን ሆኖት ነበር። በጥር በተነሳው ተኩስ ምክንያት ከሸዋ ሮቢት ወዲያ ያለው የቀወት ገበሬ ማሳውን እየጣለ ከተማ ገብቶ ከርሟል፤ ስለዚህ ሽንኩርቱ ደርቆ እንደሚጠብቀው ያውቃል። ያላወቀው የጉድጓዱን ነው። የውሃ ጉድጓዱ አፍ ላይ አሮጌ የጣሪያ ቆርቆሮ ተደፍቶበታል፤ ቆርቆሮው ላይ ትልልቅ ድንጋይ ተጭኖበታል። ኢብሮ ድንጋዩን አንከባሎ ቆርቆሮውን ሲገልጠው ሽታው ወደ ኋላ መለሰው።

እኩለ ቀን ላይ አራት ሰዎች አስከሬኑን በገመድ ጎትተው አወጡት። የቆላ በር ፖሊስ ጣቢያ የወንጀል መርማሪ ኢንስፔክተር ንግሥት አፍንጫዋን በመሀረብ ይዛ ጎንበስ አለች። ፊቱ አይለይም። ሰማያዊ ቱታው ግን ይለያል፤ ወገቡ ላይ ያንጠለጠለው የፓምፕ መፍቻም እንደዚሁ።

«ሱዳኑ ነው» አለ ኢብሮ።

ንግሥትም ቱታውን እንዳየች አውቃዋለች።

ሙዐዊያ የካርቱም ሰው ነው። ጦርነቱ ሲነሳ፣ ካርቱም ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ የነበረችውን ሚስቱን ጣይባን ይዞ በመተማ በኩል ወጣና የእሷ አገር ገባ። በይፋት ቆላ ፓምፕ በመጠገን የሚወዳደረው አልተገኘም፤ ገበሬው ሁሉ ወደደው። ወረቀቱ ግን የባዕድ ወረቀት ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ የሚጸናው በየሳምንቱ ሰኞ ከስድስት ሰዓት በፊት ጣቢያ ቀርቦ ከፈረመ ብቻ ነው። አንድ ሰኞ ከቀረ ስሙ ለበላይ ይላካል፤ ስሙ ከተላከ መያዝ ይመጣል፤ ከተያዘ ደግሞ መጨረሻው ድንበር ነው። አምና ወባ ጥሎት አንድ ቀን ቢያሳልፍ አሥራ አንድ ቀን ታስሯል።

ጥር ሃያ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ጣይባ ጣቢያ መጥታ «ባሌ ከቅዳሜ ጀምሮ ቤት አልገባም» ብላ ነበር። የተቀበለቻት ንግሥት ናት። መዝገቡን ገለጠች፤ የሰኞ ጥር አሥራ ዘጠኝ ፊርማ ቁጭ ብሏል።

«ትናንት እዚሁ ነበር እኮ» አለቻት። «ባልሽ አልጠፋም የኔ እህት። የጠፋው ካንቺ ነው።»

ጣይባ ሐሙስም መጣች። በሚቀጥለው ማክሰኞም መጣች፤ ያን ጊዜ መዝገቡ ሌላ ፊርማ ጨምሮ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ንግሥትም ወረቀቷን ይዛ አልለቀቀችም። ከዚያ ወዲያ ጣይባ መምጣቱን ተወችው።

አሁን ንግሥት ጣቢያ ተመልሳ ያንኑ መዝገብ ገለጠች። ጥር አሥራ ዘጠኝ፣ ጥር ሃያ ስድስት፣ የካቲት ሦስት፣ የካቲት አሥር። አራት ሰኞ፣ አራት ፊርማ። የጤና ጣቢያው ሐኪም አስከሬኑን አይቶ «ከሁለት ሳምንት ያላነሰ ሆኖታል፤ ጭንቅላቱ ላይ ቁስል አለ፤ የቀረውን ደብረ ብርሃን ይመርምሩት» ብሏታል። እንግዲህ ሟቹ የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊርማዎች የፈረመው ከሞተ በኋላ ነው።

መዝገቡን የሚይዙት ሳጅን ብርሃኔ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለዋል። ንግሥት ምልምል ሆና ስትመጣ ቃል መቀበል ያስተማሯት እሳቸው ስለሆኑ፣ በማዕረግ ብትበልጣቸውም ጋሼ ማለቷን አልተወችም።

«ጋሼ፣ ሰኞ ሰኞ እሱ ራሱ ነው የመጣው?»

«ፊርማው ካለ መጥቷል ማለት ነው» አሉ ሳጅን ብርሃኔ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። «ሰው ይበዛል ልጄ። መዝገቡን እገፋለሁ፣ ይፈርማሉ፣ ካርዳቸው ላይ ማህተም እመታለሁ። ፊት ማየት ከተውኩ ቆየሁ።»

ድምፃቸው ሻከረባት። ሱዳኑን ይወዱት ስለነበር ኀዘን ነው ብላ አለፈችው። በልቧ ግን አንድ ነገር ጻፈች፤ ገዳዩ ሟቹን በሕይወት ያለ ለማስመሰል ቱታ ለብሶ፣ ኮፍያ ደፍቶ እየመጣ ሲፈርም ከርሟል።

*

ጣይባ የተከራየችው አንድ ክፍል ከአስፋልቱ ጀርባ ነው። ለቅሶ የመጡ ሴቶች ከበዋታል። ንግሥትን ስታይ ሴቶቹን አስወጣች። አላለቀሰችም።

«የሞተበትን ቀን ይንገሩኝ» አለች።

«ምርመራው ገና ነው።»

«ኢዳ አለብኝ። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች፤ የሚቆጠረውም ከሞተበት ቀን ነው። ቀኑን ካላወቅሁ ከየት ጀምሬ ልቁጠር? ሌላም አለ። እርስዎ እንዳሉኝ ሰኞ ሰኞ እየመጣ ከፈረመ፣ እዚሁ ከተማ ተቀምጦ ነው ከኔ የተደበቀው። ሰፈሩም ‹ሱዳኑ ጥሏት ሄደ› ሲል ነው የከረመው። ካልፈረመ ግን ሳይከዳኝ፣ ባሌ እንደሆነ ነው የሞተው። ማን ገደለው አልልዎትም። ቀኑን ብቻ።»

«ቅዳሜ ሲወጣ ወዴት ነበር የሄደው?»

«ለሥራ አለኝ። የት እንደሚሠራ ለሰው አይናገርም፤ ከፈቃዱ ውጭ ሠራ ተብሎ እንዳይከሰስ ይፈራ ነበር።» ጣይባ እጇን አየች። «ካርቱም ባዕዷ እኔ ነበርኩ። የመኖሪያ ወረቀቴ ቀኑ ሲደርስ ሰልፍ የሚይዝልኝ እሱ ነው። እዚህ ስንመጣ ተገላበጠ። እሁድ እሁድ ነገ ሰኞ ነው እያለ ምግብ አይበላለትም ነበር።»

«ቀኑን አመጣልሻለሁ» አለች ንግሥት። ቃል መግባት ልማዷ አልነበረም።

*

ኢብሮ መጀመሪያ ዋሸ።

«መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ከጥምቀት በፊት መሰለኝ።»

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ፓምፕ አበላሸህብኝ ብዬው ተነጋግረናል። ወላሂ ከዚያ ያለፈ የለም።»

ንግሥት የስልክ ጥሪ ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። ለማስወጣት አንድ ቀን ነው የፈጀባት። ጥር አሥራ ሰባት፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤ ኢብሮ ለሙዐዊያ ደውሏል።

ኢብሮ ወረቀቱን አየና ትከሻው ወረደ። «ተኩሱ ሲቀርብ ቤተሰቤን ይዤ ወጣሁ። ፓምፑ እንዳይዘረፍ ሄደህ ከጉድጓዱ አውጣልኝ አልኩት። ከሰዓት ሦስቴ ደወልኩ፤ ስልኩ አይሠራም። ፈርቶ ሸሸ አልኩ።»

«ለምን ደበቅኸኝ?»

«የሥራ ፈቃድ የሌለውን የውጭ ሰው አሠራህ ብላችሁ እንዳትከሱኝ ነዋ፣ ኢንስፔክተር።»

ቅዳሜ ከቀትር በፊት ጀምሮ እስከ ማታ የት እንደነበር ሦስት ሽማግሌዎች መሰከሩለት፤ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ተፈናቃይ ሲመዘግብ ነበር የዋለው። ቃሉን ሰጥቶ ሲጨርስ ስሙን በአረብኛ ፈረመ፤ ቁርዓን ቤት ያደገ ሰው በመሆኑ እጁ ይፈጥናል። ንግሥት ለጊዜው አሳደረችው፤ ልቧ ግን እሱ ላይ አልረጋም።

በማግስቱ ከማሳው አጠገብ ማሾ ወደሚዘሩት ወደ እትዬ ጌጤ ሄደች። ስድሳውን ያለፉ ሴት ናቸው።

«ያ ጉድጓድ ላይ ድንጋይ ሲጭን ያዩት ሰው ይኖር ይሆን?»

«እኔ ነኝ የጫንኩት» አሉ እትዬ ጌጤ። «ምን ሆነ?»

ንግሥት ብዕሯን አነሳች። «መቼ?»

«ተኩሱ የመጣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት። ጊደሬን እየነዳሁ ስሸሽ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ አየሁት። የሰው ከብት ቢገባበትስ ብዬ ከኢብሮ ጎጆ ላይ የወለቀውን ቆርቆሮ ደፋሁበት፤ ንፋስ እንዳይወስደው ደግሞ ድንጋይ ጫንኩበት።»

«ወደ ውስጥ አላዩም?»

«ጥይት እያፏጨ ማን ጉድጓድ ያያል ልጄ?»

ከዚያ ጉድጓድ ምን እንደወጣ ንግሥት ነገረቻቸው። እትዬ ጌጤ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ንግሥት ደግፋ እስክታነሳቸው ድረስ እዚያው ነበሩ።

ነገሩ ከዚህ ላይ ግልጥ እየሆነ መጣ። ሙዐዊያ ብቻውን ፓምፕ ሊያወጣ ገባ፤ የወረደበት ገመድ ከዳው፤ ወደቀ። ገዳይ የሚባል የለም። አራት ጊዜ የፈረመ ሰው ግን አለ፤ ፊርማዎቹን ደግሞ የገመድ መበጠስ አያስረዳቸውም።

*

ንግሥት የመዝገቡን ገጽ በስልኳ አንስታ ለጣይባ አሳየቻት። ጣይባ አረብኛ ማንበብና መጻፍ የተማረችው ካርቱም ነው። ምስሉን አጉልታ ብዙ አየችው።

«ስሙ ነው» አለች። «የእሱ እጅ ግን አይደለም።»

«በምን አወቅሽ?»

«አረብኛ ከቀኝ ነው የሚጀመረው። እነዚህ አራቱ ከግራ ነው የተጀመሩት፤ ቀለሙ እዚህ ግራው ላይ ወፍሮ ቀኙ ጋ ሲደርስ ያልቃል። ነጥቦቹንም ረስቷቸዋል። ይኼ ሰው አረብኛ አያውቅም። ከላይ ያለውን የባሌን ፊርማ እያየ ሥዕል ነው የሳለው።»

ንግሥት ኢብሮን በልቧ ፈታችው።

«እንግዲያው ከቅዳሜ ወዲህ አልፈረመም» አለች ጣይባ። «ቅዳሜ ነው የሞተው?»

«ቅዳሜ ሳይሆን አይቀርም። ከፍ ካለ ቦታ ነው የወደቀው።»

ጣይባ ያን ጊዜ አለቀሰች። ከአንጀቷ ነው ያለቀሰችው፤ ከለቅሶዋ ውስጥ ግን እፎይታ ነበረበት። «ከኔ አልሸሸም» እያለች ደጋገመችው። በጣቷ ከጥር አሥራ ሰባት ጀምራ ስትቆጥር፣ ንግሥትም ከብዙ ቀን በኋላ ደረቷ ቀለል አላት። ይህ ቅለት ሁለት ቀን ቆየ።

*

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የንግሥት እድር ስብሰባ ነበር። የእድሩ ጸሐፊ ሳጅን ብርሃኔ ናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው ስም ይጠራሉ።

«ሀይሉ?»

«አቤት።»

«ደስታ?»

ደስታ ከረቡዕ ጀምሮ አጣዬ እህቱ ቤት መሆኑን የማያውቅ የለም። ቀሪ ከተባለ ቅጣት አለ። ከኋላ በኩል አንድ ሰው «አለ!» አለ፤ ሌላውም «አለ፣ አለ» ብሎ ተቀበለው። ሰው ሳቀ። ሳጅን ብርሃኔ እንደ ልማዳቸው ፈገግ ብለው ምልክት አደረጉለት።

ንግሥት አልሳቀችም። እሷም እዚህ ስንት ጊዜ ለሰው «አለ» ብላለች፤ ለእሷም ብለውላታል። ከፍቶ አልታያትም፤ አሁንም ክፋት አልነበረበትም። ነገር ግን ዓይኗ የሳጅን ብርሃኔ እጅና ብዕር ላይ ቀረ። መዝገቡ የሚያድረው በእሳቸው ቁልፍ ነው። አረብኛም አያውቁም።

ሰኞ ጠዋት ከደብረ ብርሃን ፖስታ መጣ። ሪፖርቱ አጭር ነበር። የጭንቅላቱ ቁስል የሚገድል አይደለም። ቀኝ እግሩ ተሰብሮ አመርቅዟል። ጥፍሮቹ እስከ ሥጋው ድረስ አልቀዋል። ስልኩ ውሃ ገብቶበታል። ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ጥቂት ውሃ አቆይቶታል፤ የሞተው በረሃብና በቁስሉ መመረዝ ነው፤ ከወደቀ በኋላ ከሳምንት በላይ በሕይወት ነበር።

ከሪፖርቱ ጋር ከደረት ኪሱ የወጣ፣ ከእስክሪብቶ ጋር በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ አለ። የውጭ ዜጋ መቅረቢያ ካርድ ነው። ሳጅን ብርሃኔ ባለካርዶቹ ቀን እንዳይሳሳቱባቸው የሚመጡትን ሰኞዎች ቀድመው በእጃቸው ይጽፉላቸዋል። ጥር አምስት፤ ፊርማና ማህተም። ጥር አሥራ ሁለት፤ ፊርማና ማህተም። ጥር አሥራ ዘጠኝ፤ ፊርማ አለ፣ ማህተም የለም። ጥር ሃያ ስድስት፤ ፊርማ አለ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ማህተም የለም። የካቲት ሦስት ባዶ ነው።

ንግሥት ካርዱን ይዛ ቆማ ቀረች። ቆርቆሮው አሮጌ ስለሆነ የሚስማር ቀዳዳ ሞልቶታል፤ መንጋቱንና መምሸቱን ያሳያል። ሰውየው እዚያ ሆኖ ቀን ቆጥሯል፤ ሰኞ ሲሆን ፈርሟል። የሚያወጣው ሰው ሲመጣ ‹ለምን ቀረህ› እንዳይለው ነው። እሷ ደግሞ ያን ማክሰኞ የስልክ ዝርዝሩን አስወጥታ ቢሆን በአንድ ቀን ኢብሮ ጋ፣ ከኢብሮም ጉድጓዱ ጋ ትደርስ ነበር።

ካርዱን ወስዳ ሳጅን ብርሃኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ በአንድ ቀን ሁለት ቦታ ፈርሟል።»

መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ብዙ ጊዜ አገላበጡት። ከዚያ በሩን እንድትዘጋው በእጃቸው አመለከቷት።

«ያን ሰኞ እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቅሁት» አሉ። «አልመጣም። አምና ከአሥራ አንድ ቀን እስር ሲወጣ ምን መስሎ እንደነበር አይቻለሁ። ነገ ይመጣል ብዬ ሞላሁለት። ያው እድር ላይ እንደምንለው ነው።»

«ማክሰኞ ሚስቱ መጣች።»

«ማክሰኞ ፈቃድ ላይ ነበርኩ። ረቡዕ ነው የሰማሁት። በመተማ ተሻግሮ እናቱን ሊያይ ሄዷል አልኩ፤ ይመለሳል አልኩ። ደግሞም…»

«ደግሞም ምን?»

«ጡረታዬ አራት ወር ነው የቀረው ልጄ። የመንግሥት መዝገብ አጭበርብሬ ነበር ብል ምን ይውጠኛል? የመጀመሪያውን ለእሱ ብዬ ነው የፈረምኩት። የቀሩትን ለራሴ ነው።» ጣታቸውን ጥር ሃያ ስድስት ላይ አሳረፉ። «በዚህኛውም ሰኞ በሕይወት ነበር?»

«ነበር።»

ሳጅን ብርሃኔ የመሳቢያውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ካርዱ አጠገብ አኖሩት።

*

የጣቢያው አዛዥ ሁሉንም ሰምተው ሲጨርሱ ፋይሉን ዘጉ።

«ቅዳሜ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሞተ። አደጋ ነው» አሉ። «ገዳይ የለም። ማንን ልትከሺ ነው? ቆርቆሮ የከደነችውን አሮጊት?»

«መዝገቡስ?»

«መዝገቡ ከተነካ ጣቢያው ይነካል። ቀድመሽ የምትነኪው ደግሞ አንቺ ነሽ። ሴትዮዋን ሦስት ጊዜ የመለሳት ማን ነው?»

ይህ እውነት ነው። የደብረ ብርሃኑ ሪፖርት አዛዡ መሳቢያ ገባ። ሳጅን ብርሃኔ በጤና ምክንያት ቀድመው ጡረታ እንዲወጡ ተወሰነ። ለውጭ ዜጎችም አዲስ መዝገብ ተከፈተ። ‹ጥር አሥራ ሰባት፣ ቅዳሜ፣ በአደጋ› የሚለው የመዝጊያ ወረቀት ሲመጣላት ንግሥት ብዕር አንስታ ፈረመች። ስለ ሳጅን ብርሃኔ ከዚያ በኋላ ክፉ ለመናገር አፍ አላገኘችም። ካርዱን ግን አላስረከበችም።

ጣይባ ነጭ ተከናንባ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ንግሥት ከመንገድ ጀምሮ ቅዳሜ ነው ብላ እንዳመነች ልትተዋት ስታስብ ነው የመጣችው። ቅዳሜ ደግ ቀን ነው፤ ወደቀ፣ ሞተ፣ አለቀ። ነገር ግን ቀኑን አመጣልሻለሁ ብላ ነበር፤ ሴትዮዋም ኢዳዋን የምትቆጥረው ከዚያ ቀን ጀምራ ነው።

«ቅዳሜ አይደለም» አለች። ካርዱን ሰጠቻት።

ጣይባ አነበበችው። አንዴ ከላይ ወደ ታች፣ አንዴም ከታች ወደ ላይ።

«ይኼ እጁ ነው» አለች።

«አዎ።»

«እኔ ማክሰኞ ነበር የመጣሁት።»

«አዎ።»

«ሐሙስም መጥቻለሁ።»

«መጥተሻል።»

ጣይባ አልጮኸችባትም። ብትጮህ ይሻል ነበር። በአውራ ጣቷ የካርዱን ግራ ጠርዝ ስትዳብስ ቆየች፤ ከሁለቱ ፊርማዎች አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ነው የምትዳብሰው።

«ማህተም የለውም» አለች።

«የለውም።»

«ቀኑን ጠብቆ ፈርሟል። እግሩ ተሰብሮ፣ እዚያ ውስጥ ሆኖ። አንድም ሰኞ አልቀረም እኮ።»

«አልቀረም።»

«እንግዲያው ምቱለት።»

ንግሥት አንገቷን ደፋች። «ጣይባ፣ በመዝገቡ ቅዳሜ እንደሞተ ተጽፎ ተዘግቷል። እኔም ፈርሜበታለሁ። ቅዳሜ የሞተ ሰው ሰኞ…»

ጣይባ ካርዱን በሁለት እጇ አድርጋ፣ ቢሮ መስኮት ላይ እንደሚሰጥ አድርጋ ዘረጋችላት።

«ከሃያ ስድስት ጀምሬ እቆጥራለሁ» አለች። «ኢዳዬ እስኪያልቅ ከቤቴ አልወጣም። እስከዚያ ጊዜ አለዎት። አስመትተው ያምጡልኝ።»

ንግሥት ካርዱን ተቀብላ ላስቲኩ ውስጥ መለሰችው። «እሺ» አለች። ማህተሙን ጠዋት አዲሱ ተረኛ ተረክቦታል፤ በአዲሱ መዝገብ ላይም የሙዐዊያ ስም የለም።